የቅርስ ተማሪ መጀመሪያ መዝጋቢ ይሁን
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ርእስ «የድኅረ ምረቃ ትምህርት በቅርስና በቤተ መዘክር ሥራ» የሚል ሰፊ ርእስ ነው። የተሰጠን ጊዜ ግን ጠባብ ስለ ሆነ ከርእሱ አንዱን ቁራሽ ብቻ ቆርሰን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕክምና ተማሪ «ምን ትማራለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ቃል መልሶ ይገላገላል። እኛ «ቅርስ» ባልን ቁጥር ግን «ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው? በሙዚየም በር ላይ ቲኬት ልትቆርጡ?» የሚል ጥያቄ ይከተለናል። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ፍሬ አለው። በሁለት ዓመት ትምህርት ውስጥ የ1964ቱን የቬኒስ ቻርተር እናነባለን፤ የ1972ቱን የዓለም ቅርስ ስምምነት እንተነትናለን፤ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ እንከራከራለን። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ የሚጠላ የለም። ነገር ግን አንድ የብር መስቀል በተመራቂው መዳፍ ላይ አስቀምጠው «ነገ ቢሰረቅ የትም አገር ሲገኝ እንዲታወቅ አድርገህ ጻፈው» ቢሉት መጻፍ ካልቻለ፣ በር ላይ ቲኬት ከሚቆርጠው ሰው በምን ይበልጣል?

ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራ የአንድ ዕቃ ቤት ወይም የአንድ ስብስብ ሙሉ መዝገብ ሊሆን ይችላል ተብሎ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ምክንያታችንን ለማስረዳት ከአንድ የታወቀ ታሪክ እንነሣለን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋራ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ አብሮ መጥቶ ነበር። ጦሩ የዘረፈው ዕቃ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሲሸጥ፣ ይህ ሰው ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ገዛ። መጻሕፍቱ ለንደን ሲደርሱ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅም በ1877 የሙዚየሙን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትሞ አወጣ። ሆምስ ግን አንድ ዕቃ ለራሱ አስቀረ። እርሱም የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ነው።

በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ይኸው ሥዕል ነው። መጽሐፉ በሙዚየሙ ተፈለገ፤ ሁለት ቅጂ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን «ፍለጋው ሊገኝ አልቻለም» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ሆምስ የት ነበረ? በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበረ! የሥዕሉ ፎቶግራፍ በ1905 በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ። ሆምስ ከሞተ በኋላ በ1917 ሥዕሉ ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሄደ፤ አገሩም አልገባም።

ከአንድ አምባ የተወሰዱ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ከቁጥር የገባው ሲጠየቅ ተገኘ፤ ከቁጥር ያልገባው ጠፋ ተባለ። በእርግጥ መዝገብ የዘረፈውን ሰው ባለ መብት አያደርገውም፤ ይህን በሚገባ እንለያለን። ሆኖም ዛሬ ስለ መቅደላ ዕቃ ስንከራከር ማስረጃችንን በአብዛኛው የምንጠቅሰው ከወሰዱት ሰዎች ደብተር መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

ከቅርብ ጊዜ ምሳሌ ብንፈልግ በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል አለ። በአገርም በውጭም የታወቀ፣ ፎቶግራፉ በየመጽሐፉ የወጣ መስቀል ስለ ነበረ፣ የገዛው የቤልጅግ ሰው ደብቆ ሊያስቀረው አልቻለም፤ በ2001 ወደ አገሩ ተመለሰ። ስም የሌላቸው፣ ፎቶግራፍ የሌላቸው የገጠር መስቀሎች ግን በማን ይታወቃሉ?

እዚህ ላይ «መዝገብ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢነሣ አንቀበለውም። የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ መሬታቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና ንዋየ ቅድሳታቸውን መዝግበው ኖረዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖሱ ለአባ ኢየሱስ ሞዓ የተጻፈው ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ወንጌሉ የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ በወንጌል ላይ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው። የሚደፍር ከተገኘም ግዘቱ በዚያው ገጽ ላይ ይጠብቀዋል። አባቶቻችን ሰራቂውንና ፋቂውን አንድ ላይ ማውገዛቸው ዕቃውና መዝገቡ አብረው እንደሚጠፉ ማወቃቸው ነው።

የጥንቱ ዝርዝር የሚጎድለው አንድ ነገር አለ። ቁጥር ስንት ዕቃ እንደ ጠፋ ይነግራል፤ የትኛው እንደ ጠፋ አይነግርም። «የብር መስቀል ሦስት» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ቤት፣ አንዱን አሮጌ መስቀል አውጥተው በምትኩ ትናንት የተሠራ መስቀል ቢያስገቡበት፣ በርክክብ ቀን ቆጣሪው «ሦስት፤ ልክ ነው» ብሎ ይፈርማል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአባቶች ሥራ ላይ የሚጨምረው ይህን ነው፤ ዕቃውን መቁጠር ብቻ ሳይሆን መለየት።

መለየትስ እንዴት ነው? በ1997 ኦብጀክት አይዲ በሚል ስም የወጣው፣ ዛሬ የዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሚጠብቀው አጭር ደንብ ጥሩ መነሻ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ፣ ዘመኑ፣ ከታወቀ የሠሪው ስም፣ ፎቶግራፉና ልዩ ምልክቱ ይጻፋል። ከዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ልዩ ምልክት የሚለው ነው፤ የሚፈለገው የዕቃው ውበት ሳይሆን ጉድለቱ ነውና። የተሰነጠቀ ክንድ፣ በመዳብ የተጠገነ እጀታ፣ በሥዕሉ ጥግ ላይ የቀረ የጧፍ ጠብታ፣ ብል የበላው ጠርዝ ይመዘገባል። አንጥረኛ ሁለት መስቀል አስመስሎ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለት ስንጥቅ አስመስሎ መሥራት ግን እጅግ ይቸግረዋል።

ቀጥሎ እጅ የሚጠይቀው ሥራ ይመጣል። በዕቃ ላይ ቁጥር መጻፍ እንኳ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በብረት ላይ ሲሆን በስውር ቦታ፣ ኋላ ሊለቅ የሚችል ግልጽ ቫርኒሽ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ቁጥሩ በዚያ ላይ ይጻፋል፤ ዕቃውን ራሱን ቀለም አይነካውም። ብራና ግን በለስላሳ እርሳስ ካልሆነ አይጻፍበትም። እስክሪብቶ ይዞ ወደ ብራና የሚጠጋን ተማሪ ከዕቃ ቤቱ ማስወጣት ተገቢ ነው እንላለን።

ብራና ቆዳ መሆኑን መርሳት አይገባም። እርጥበት ሲበዛበት ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲመላለስበት ቀለሙ ይረግፋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚጎዳው የአየሩ መለዋወጥ ነው። ይህን ካወቅን በኋላ የአባቶችን አሠራር ደግመን ብንመለከተው ትርጉሙ ይገለጥልናል። መጽሐፉ በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ይጠረዛል፤ በቆዳ ማኅደር ይከተታል፤ ማኅደሩም በግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ገበታው ብራናውን ተጭኖ እንዳይጠቀለል ያደርገዋል፤ ማኅደሩ ጢሱንና አቧራውን ይከላከላል፤ መንጠልጠሉ ከወለል እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ያርቀዋል። ይህን ያልተማረ ተመራቂ ሄዶ «ማኅደሩ አሮጌ ነው፤ ጣሉትና በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፉት» ብሎ ቢመክር፣ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡም ውሃ ያልበዋል። ምክሩ ከአይጥ የከፋ ጥፋት ይሆናል።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተጻፉ የሚገመቱት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ሲጠገኑ፣ ከእንግሊዝ የመጡት የጥረዛ ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ገዳሙ ሄዱ እንጂ ወንጌሎቹ ወደ እነርሱ አልሄዱም። ጥገናው በመነኮሳቱ ዓይን ሥር ተፈጸመ። እንዲህ ያለውን አሠራር የሚያስተምር ጊዜ በትምህርታችን ውስጥ እንዲጨመር እንለምናለን።

ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ብቻ እንዳይመስልብን የሐረሩን አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍን እናስታውሳለን። የከተማዋን መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ጌጥና ዕቃ በራሳቸው ጥረት ሰብስበው ሙዚየም አቆሙ፤ ተረስቶ የነበረውን የሐረር የመጽሐፍ ጥረዛም መልሰው አነሡ። የቅርስ ዲግሪ አልጠበቁም። እኛ ዲግሪውን የምንጠብቅ ሰዎች ከእሳቸው ያነሰ ሠርተን ልንመረቅ ይገባናል?

በአሳባችን ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ከመምህራን ወገን ነው፤ «መዝገብ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ምርምር አይደለም» ይላሉ። በአክብሮት እንቃወማለን። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ቅጂውም በአሜሪካ በሚኒሶታ በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ፊልሙ ብቻውን ግን ዲዳ ነበር። መጽሐፉ ምን እንደ ሆነ፣ በማን ዘመን እንደ ተጻፈ፣ በኅዳጉ ምን እንዳለ የምናውቀው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይልና ባልደረቦቻቸው ቅጽ በቅጽ ስለ መዘገቡት ነው። እኚህ ሊቅ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተቀብለዋል። የአንድን መስቀል ዘመን ለመወሰን ሃምሳ መስቀል ማስተያየት፣ ጽሑፉን ማንበብ፣ የአንጥረኛውን እጅ ማወቅ ያስፈልጋል። መጠይቅ በትኖ በመቶኛ ከማስላት ይህ እንደማያንስ መምህራኖቻችን ይፈርዱልናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ የሚመጣውም ከገበዙ ነው። «ልጆቼ፣ እናንተ የጻፋችሁትን ሌባ ቢያነበውስ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው መዝገብ እንደ ሌላው የመመረቂያ ጽሑፍ በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ለማንም የሚዘረጋ አይሁን። አንዱ ቅጂ ከባለቤቱ ዘንድ፣ አንዱ ከቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ይቀመጥ፤ ፈታኞቹ አይተው ይመልሱ፤ ለሕዝብ የሚወጣው የቦታውና የዕቃው ስም የተሸፈነበት ጥናት ብቻ ይሁን። ደግሞም የማይመዘገብ ነገር አለ። ታቦት አይለካም፤ ፎቶግራፍ አይነሣም። ብሪቲሽ ሙዚየም ራሱ በእጁ ያሉትን 11 ታቦታት ለሠራተኞቹ እንኳ እንዳይታዩ አድርጎ ዘግቶ አስቀምጧል። እዚያ የታወቀውን ወሰን እዚህ የሚጥስ ተማሪ ከተገኘ ገበዙ በሩን ቢዘጉበት አይፈረድባቸውም።

ነገሩን ለምን ዛሬ አነሣነው የሚል ቢኖር፣ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውን ጦርነት ማስታወስ ይበቃል። የአል ነጃሺ መስጊድ በጥይትና በመድፍ ተጎዳ፤ ከጦርነቱ በኋላም የአገራችን ብራናዎች በውጭ አገር ገበያ ላይ ለሽያጭ ወጥተው ታዩ። ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲያስመዘግብ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዋጁ መዝጋቢ ይፈልጋል። መዝጋቢ ሊሆን የሚገባው ተማሪ ደግሞ እዚህ ተቀምጦ መጠይቅ ያባዛል።

ጥያቄያችንን በጽሑፍ አዘጋጅተን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አኑረነዋል። ሦስት አንቀጽ አለው፤ የመመረቂያ መዝገብ እንዲፈቀድ፣ ከሁለቱ ዓመታት አንዱ መንፈቅ በዕቃ ቤት ወይም በሙዚየም ማከማቻ ውስጥ እንዲያልፍ፣ ከፈታኞቹም አንዱ የብራና፣ የእንጨት ወይም የብረት ባለሙያ እንዲሆን። የሚያርሙልን መምህራን በቀይ ቀለም ያርሙልን፤ የሚስማሙ ተማሪዎች ይፈርሙበት። ከጥምቀት በኋላ ባለችው ቅዳሜ የመለካትና የመጻፍ ልምምድ እናደርጋለን፤ የምንለማመደው ከየቤታችን በምናመጣቸው ተራ ዕቃዎች ላይ ነው። ለመምጣት የፈለገ ስሙን ያስመዝግብ፤ ሜትርና ለስላሳ እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ እስክሪብቶውን ግን ቤቱ ይተወው።