ቦታው የት ነበር?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ኮሚቴው «ስለ ወጣቶቹ ፖድካስት አንድ ነገር በል» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ትምህርቴ 12ኛ ክፍል ላይ የቆመ ባለሱቅ ነኝ፤ የማውቀው የበርበሬና የጤፍ ዋጋ ነው። ነገር ግን በዚሁ ሥራ የደረሰብኝ ነገር ስላለ እርሱን ልንገራችሁ።

ፖድካስት ለማታውቁት፣ በስልክ የሚሰማ የድምፅ ዝግጅት ነው፤ ሰው በፈለገው ሰዓት ከፍቶ ይሰማዋል። ለእኛ ዕድሜ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልጅ ሆኜ ኮልፌ ሳለሁ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ያለው ቤት ይሰበሰብ ነበር። ጎጃምን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፤ ሆኖም ከማንኩሳ እስከ ዲማ መንገድ ምራ ብትሉኝ የምመራ ይመስለኝ ነበር። ሥዕል የለ፣ ፊልም የለ፤ ድምፅ ብቻ።

ወጣቶቹ የእኛን የስደት ታሪክ መቅዳት ሲጀምሩ እኔም ተራዬ ደረሰ። ኢስሊ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ «በ1984 ዓ.ም ከአገር ወጣሁ፣ በሞያሌ ተሻገርኩ፣ ብዙ ተቸገርኩ፣ እግዚአብሔር ረድቶኝ ናይሮቢ ገባሁ» አልኩ። በ4 ደቂቃ አለቀ። ልጄ ሰምታው «አባዬ፣ ይሄ እኮ የማንም ሰው ታሪክ ነው» አለችኝ። ከፋኝ። ግን እውነቷን ነው።

አንዱ ወጣት ደግሞ ከኢንተርኔት ያገኘውን የበረሃ ነፋስ ከሥሩ አስገብቶበታል። የአረብ ፊልም መሰለ። ከሞያሌ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ አስፋልት ሆኗል፣ ያኔ ኮረኮንች ነበር። ዲዳ ጋልጋሉ የሚባለው ሜዳ ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ነው። እኔ ስሰማ ያደርኩት ነፋስ ሳይሆን የመኪናውን ሆድ ከሥር የሚደበድበውን ድንጋይ ነው። ያልነበረ ድምፅ ከምንጨምር ዝም ብንል ይሻላል አልኩት። ልጁ አልተቀየመኝም፤ አወጣው።

እንደገና ስንቀዳ ልጄ «ከመንገዱ አትጀምር፤ ከተቀመጥክበት ጀምር» አለችኝ። የተቀመጥኩትማ ከብት የጫነ መኪና ላይ፣ ከከብቶቹ በላይ ካለው ብረት ላይ ነው። እግርህን ወደ ታች እንዳትለቅ ቀንድ አለ፤ እንዳትሰበስብ ትወድቃለህ። የሰኮናው ኳኳታ፣ ሽታው፣ ዳገት ላይ የሞተሩ ማቃሰት። ሽፍታ ስላለ መኪኖቹ በታጣቂ ፖሊስ ታጅበው በአንድነት ነው የሚጓዙት። ይህን ሁሉ እየተረክሁ ሳለ «ከጎንህ ማን ነበር?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

ከጎኔ የነበረው የማላውቀው የከብት ነጋዴ ነው። አብሮኝ ከአዲስ አበባ የወጣው ጓደኛዬ እዚያ አልነበረም። ሞያሌ ላይ ወባ ይዞኝ ነበር። ሾፌሩ «አንድ ሰው ብቻ ነው የምጭነው» ሲል ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ሰቀለኝና «በሚቀጥለው እመጣለሁ፤ ኢሲዮሎ ጠብቀኝ» አለኝ። 9 ቀን ጠበቅሁት። አልመጣም፤ እስከ ዛሬ ወሬውም አልተሰማ። እናቱን እስኪያርፉ ድረስ «መንገድ ላይ ተጠፋፋን» ነበር የምላቸው። ያ ቦታ የእርሱ እንደ ነበር አልነገርኳቸውም። «ተሻገርኩ፣ ገባሁ» እያልኩ ሳወራ ይህ አይታይም ነበር። መኪናው ላይ ማን የት እንደ ተቀመጠ ስናገር ግን መሸሸጊያ አጣሁ።

እናቶች፣ ልጆቹ ሲመጡ «ያው ችግር ነበር» ብላችሁ አትለፏቸው። ውኃው ከየት ይቀዳ ነበር? ማታ በሩ በምን ይዘጋ ነበር? እናንተም ወጣቶች፣ ድምፅ አታብዙ፤ አንድ ትክክለኛ ድምፅ ይበቃል፤ እርሱም ከተናጋሪው ቃል በታች ይሁን።

ስንጨርስ ልጄ «አሁን ሁለታችንም ዝም እንበል» ብላ የሱቁን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቀዳች። ንግግሩ ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ እንዳይሰማ ነው አለችኝ። ፍሪጁን አጥፍተን ነበር፤ ውጭ የማታቱ ጥሩምባ ይሰማል። ያንን መጨረሻው ላይ ተወችው። እኔ ከሁሉ የወደድኩት እርሱን ነው፤ የሚሰማው ሰው ዛሬ የት ሆኜ እንደማወራ ያውቃል።

ቅጂውን አዲስ አበባ ላለችው ለጓደኛዬ እህት ላክሁላት። ሁለት ቀን ምንም አልመለሰችም። በሦስተኛው ደወለች። አልወቀሰችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናው ሲነሣ እርሱ የት ቆሞ ነበር?»

ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነበር። ነገርኳት።

ቀረጻው በየቅዳሜው ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በሱቄ ጓዳ ይቀጥላል። ያልተናገራችሁ ኑ፤ ፍሪጁን አጠፋላችኋለሁ።