የቤተ ሰብ በዓልና የልጆች ትምህርት
(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





በጡረታ እስከ ተገለልሁበት ጊዜ ድረስ 41 ዓመት በሰሌዳና በጠመኔ መካከል የኖርሁ ሰው ነኝና ስለ ማስተማር ዘዴ ብናገር የሚጠበቅብኝ ነበር። ነገር ግን በበዓል ቀን ስለ በዓል መናገር የተገባ መስሎ ስለ ታየኝ፣ የዛሬው ንግግሬ በየቤታችን ስለምናደርገው ድግስ ይሆናል፤ ይኸውም ስለ ልደት፣ ስለ ክርስትና፣ ስለ ምረቃና ስለ ሠርግ ነው። ከራሴ ቤት ብጀምር ቅር እንደማትሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የተወለድሁት በጎጃም ገጠር ነው። በ1955 ዓ.ም. አባቴ ወደ ትምህርት ቤት በወሰደኝ ጊዜ መዝጋቢው መምህር የተወለድሁበትን ቀን ጠየቀ። አባቴ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ ሆኖም ሳያመነታ «የጃንሆይ 25ኛ የዘውድ በዓል በተከበረበት ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው» ሲል መለሰ። መምህሩም አስልቶ ኅዳር 13 ቀን 1948 ዓ.ም. ብሎ ጻፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ ታናሽ እኅቴን ይዞ ወደዚያው ትምህርት ቤት በሄደ ጊዜ ግን ለዚያው ጥያቄ የሰጠው መልስ «እንጃ፤ ክረምት ነበረ መሰለኝ» የሚል ነበር። መምህሩም በዚያን ዘመን ቀናቸው ላልታወቀ ልጆች እንደሚደረገው መስከረም 1 ቀን ብሎ መዘገባት።

አባቴ ልጁን የማይወድ ሰው ሆኖ አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው። መጽሐፍ በሌለበት ቤት የቤተ ሰቡ መዝገብ ድግሱ ነው። ብዙ ሰው የበላበትና የጠጣበት ቀን በብዙ ሰው ልብ ተጽፎ ይኖራል፤ ያልተደገሰበት ቀን ግን ከክረምቱ ዝናብ ጋር አብሮ ያልፋል። የእኔ ክርስትና በሬ ታርዶበታል፤ የእኅቴ በጠላና በዳቦ ታልፏል።

በተወለድሁበት ቀበሌ ሴት በሰላም ስትገላገል ወንድ ከሆነ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ከሆነች ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ በሌላው አገር ቁጥሩ ይለያይ ይሆናል። እኅቴ ስትወለድ ዕድሜዬ ከአምስት ዓመት ጥቂት አልፎ ነበርና ከደጅ ቆሜ እቆጥር ነበር። ሦስተኛውን ሰምቼ አራተኛውን ስጠብቅ ዝም አለ። አንድ ነገር የጐደለ መስሎኝ ገንፎ የምታገነፋውን አክስቴን ብጠይቃት «ሴት ናታ!» ብላ መለሰችልኝ። ከዚህ በላይ ማብራራት አላስፈለጋትም።

አባቶቻችን ያቆሙልን ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ያለ ነው ማለቴ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሣታቸው መሠረት ያለው ነገር ነው፤ አዳም በ40 ቀን ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸው በመጽሐፈ ኩፋሌ ተነግሯልና። እስላም ወንድሞቻችንም ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አርደው ስም ያወጣሉ። እነዚህ ሁሉ ሕፃኑን «አንተ የእኛ ነህ» የሚሉ መልካም ወጎች ናቸው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ድግስ ይቈጥራል፤ ከድግሱም ቤተ ሰቡ የትኛውን ነገር ትልቅ፣ የትኛውን ትንሽ እንደሚለው ይማራል። ይህ ትምህርት እኛ በክፍል ውስጥ ከምናስተምረው ይቀድማል።

በ1966 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። አባቴ ዳስ ጥሎ፣ ሁለት በግ አርዶ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሽማግሌዎች መረቁኝ፤ እናቴም እንደ ተወለድሁበት ቀን እልል አለች። በዚያው ሳምንት እኅቴ አምስተኛ ክፍልን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨርሳ ነበር። ካርዷን ለአባቴ ስታሳየው «ጎሽ፤ የኔ ልጅ» ብሎ ከጣሪያው ሣር መካከል ሻጠው። እርሷም ካርዷ ሲቀመጥላት አይታ ለእኔ እንግዶች ውኃ ልትቀዳ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ወረደች።

በሚከተለው ዓመት በጥር ወር ተዳረች። ሽምግልናው ሲደረግ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዕድሜዋን ጠየቀ። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ይወስን ነበርና ሌላው ሽማግሌ «አሥራ አምስት ሞልቷታል» ሲል መሰከረ። የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ስላልነበረ የተቃወመ አልተገኘም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሦስቱን እልልታ የቈጠርሁት ትምህርት ቤት ከመግባቴ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1953 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ስለዚህ ገና 14 ዓመት አልሞላትም ነበር። መምህር ነበርሁ፤ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ነገር ግን ያን ትንሽ መቀነስ በሽማግሌዎች ፊት አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ። የድግሱ እህል ተፈጭቷል፤ ጠላው ተጠንስሷል፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል ብዬ ዝም አልሁ።

በሠርጉ ዕለት ማን ምን እንዳመጣ እንድጽፍ ታዘዝሁ። የተማርሁ እኔ ነበርሁና። ደብተር ሲፈለግ የተገኘው የእኅቴ የሒሳብ ደብተር ብቻ ሆነ። ራሷ አምጥታ ሰጠችኝና «ወንድም ጋሼ፤ ከኋላ በኩል ጻፍበት፤ ከፊት ያለውን አታበላሽብኝ» አለችኝ። እንዳለችው ከኋላ ጀምሬ «አንድ በግ፤ አንድ ጉንዶ ማር፤ 2 ብር» እያልሁ ጻፍሁ። ደብተሩ አባቴ ካረፈ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ ዛሬም ከእኔ ዘንድ ይገኛል። ከፊት የክፍልፋይ ሒሳብ አለ፤ ሁሉም ትክክል ነው። ከኋላ በእጄ የጻፍሁት የስጦታ ዝርዝር አለ። በመካከላቸው ያሉት ገጾች ምንም አልተጻፈባቸውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጓል። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። በከተማ ሕፃናት በየዓመቱ ሻማ እያጠፉ፣ ኬክ እየቈረሱ ልደታቸውን ያከብራሉ፤ ይህን ባዕድ ልማድ ነው እያሉ የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ወንዱም ሴቷም የተወለዱበት ቀን እኩል የሚታሰብበት በመሆኑ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሕግ ሸንጎን ያስተካክላል እንጂ ዳስን ብቻውን አያስተካክልም። በዳስ ውስጥ የሚሰማው እልልታ ለምን እንደሆነ የሚወስነው ቤተ ሰቡ ነው፤ ቤተ ሰቡን ደግሞ መምህር ሊያስተምረው ይችላል።

ድግስ ሁሉ ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ። በብድር ደግሶ ሁለት ክረምት ሲከፍል የኖረ ገበሬ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም፤ አባቴም ለእኅቴ ሠርግ አንድ ጥማድ በሬ ሸጧል። ነገር ግን በድግስ የተሰበሰበ ጎረቤት በለቅሶም ይሰበሰባል፤ በአጨዳም ይተባበራል። ስለዚህ እኔ የምለምነው ድግሱ እንዲቀር ሳይሆን፣ ትንሽ ድግስ ለትልቅ ነገር እንዲደረግ ነው።

ለዚህም ከእናንተ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ልጅ ስትመዘግቡ የልደት ቀኗን በግምት አትለፉት፤ እናቷን አስጠርታችሁ፣ ምስክር ወረቀቷን አስመጥታችሁ፣ ትክክለኛውን ጻፉ። አንድ ቀን በዚያ ቀን መኖር አለመኖር ዕድሏ ሊወሰን ይችላልና። ሁለተኛ፣ በሰኔ ካርድ ስትሰጡ ወላጆችን ጥሩ፤ የልጅቱን ካርድ አባቷ ከእጃችሁ በሰው ፊት ይቀበል፤ የአገር ሽማግሌ ይመርቃት። ለዚህ በሬ አያስፈልግም፤ ቡናና ቆሎ ይበቃል። በሰው ፊት የተመረቀች ልጅ በጥር ወር ከትምህርት ቤት ብትቀር ቀበሌው ሁሉ «የት ደረሰች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያልተመረቀችውን ግን የሚጠይቅ የለም።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያስተማረችኝ እኅቴ ናት። በ1985 ዓ.ም. በሰኔ ወር የመጀመሪያ ልጇ ስምንተኛ ክፍልን በጨረሰች ጊዜ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ደፍታ ጎረቤቷን ጠራች። የመጡት ሴቶች «ምን ተገኘ? ታጨች እንዴ?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። እርሷም «ስምንተኛን አለፈች» አለቻቸው። ነገሩ እንግዳ ስለ ሆነባቸው ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኅቴም ማንንም ሳትጠብቅ ካርዱን ይዛ ከደጅ ወጣችና ብቻዋን እልል አለች።

እኔ ከዳሱ ሥር ተቀምጬ እንደ ልጅነቴ ቈጠርሁ። ሦስተኛው ላይ እንዳትቆም ፈርቼ ነበር። አራተኛውን ስትጀምር ሌሎቹ ሴቶችም ተቀበሏት፤ ሰባትም ሞላ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንንና የምናስተምራቸውን ልጆች ይባርክ።