ተማሪ ሕዝብን እያገለገለ ስለሚማርበት ሥርዓት
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምናገርላችሁ፥ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ሕዝቡ ልከው፥ እያገለገሉ እንዲማሩ ስለሚያደርጉበት ሥርዓት ነው። ነገሩ የኮሌጆች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን የእናንተም ጉዳይ ነው፤ ተማሪው የሚመጣው ወደ እናንተ መንደር፥ የሚያንኳኳውም የእናንተን ደጅ ነውና።

ተማሪን መቀበል ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ ያበላው ገበሬው ነው። ተማሪውም በበኩሉ ለመንደሩ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፥ የመጣለትን ያነብለታል፥ ሰው ሲሞትም ዳዊት ይደግማል። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪው በሕዝቡ እንጀራ እንዳደገ ሁሉም ያውቅ ነበር። የዛሬው የኮሌጅ ተማሪ አኩፋዳ አይዝም፤ ሆኖም መንግሥት ለትምህርቱ የሚያወጣው ገንዘብ ከሕዝቡ ግብር የተሰበሰበ ስለ ሆነ፥ ዕዳው ያው ነው። ልዩነቱ ዕዳው ከዐይን መራቁ ብቻ ነው። የራቀውንም ወደ ዐይን ማቅረብ የኮሌጆች ተግባር ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ማኅበረሰብን እንዲያገለግሉ ደንግጓል።

ይህ ሥራ በአገራችን እንዴት እንደ ተሠራ በምሳሌ ላስረዳችሁ።

የመጀመሪያው የጎንደር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1954፥ በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ኮሌጁም የጤና መኰንንን፥ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒቴሪያንን ያሠለጥን ጀመር። ሦስቱ ኋላ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚሠሩ ስለ ሆኑ፥ ገና በተማሪነታቸው ሳሉ አብረው ወደ ገጠር እየወጡ ይለማመዱ ነበር። አንዱ በሽተኛውን ሲያይ፥ ሁለተኛይቱ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፥ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመረምራል። ወባን የመሰለ በሽታ በመድኃኒት ብቻ አይጠፋም፤ ትንኝዋ የምትራባበትን የታቈረ ውሃ ማወቅ፥ ሰዉንም ማስተማር ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊያውቀው የሚችል የለም።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በአዲስ አበባ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ሕዝብን እንዲያገለግል ሥርዓት አወጣ። የሚበዙት በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ የቀሩትም እንደየትምህርታቸው በሌላ ሥራ ተመደቡ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ጉዳይ የተለየ ክፍል አቋቁሞ፥ መጠነኛ የኑሮ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። በዚህም መምህር ያጣ ብዙ ትምህርት ቤት መምህር አገኘ፤ አዲስ አበባን ብቻ ያውቅ የነበረ ወጣትም አገሩን አየ። ጉድለትም ነበረው፤ መምህሩ ልጆቹን ለምዶ፥ ልጆቹም እርሱን ለምደው ሳይጠግቡ ዓመቱ ያልቃል፤ እርሱ ይሄዳል፥ ሌላ አዲስ ይመጣል።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቾቹ ፊደል አስቈጠሩ፥ ገበሬዎችን በማኅበር አደራጁ። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ተጋጩ፤ ጊዜው ሳያልቅ ምድቡን ጥሎ የሄደም ጥቂት አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፥ የወጣት ትጋት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሚላከው ሰው ቢበዛም የሚያዘጋጀውና የሚከታተለው ከሌለ ሥራው አይጸናም።

ሦስተኛው የጅማ ነው። በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ላይ መሠረተ፤ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተባብሮ ዩኒቨርሲቲ በሆነ ጊዜም ይህን መመሪያ አልተወም። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ወደ አንድ ቀበሌ ይወጣሉ። በመጀመሪያ የነዋሪውን ብዛት፥ የውሃውንና የመጸዳጃውን ይዞታ፥ የሚበዛውንም በሽታ እየጠየቁ ይመዘግባሉ። ቀጥሎ ከችግሮቹ የትኛው እንዲቀድም ይመርጣሉ። ከዚያም ዕቅድ አውጥተው ከነዋሪው ጋር ይሠራሉ፤ በመጨረሻም የተሠራውን ይመዝናሉ። እነዚህ ደረጃዎች ከዓመት ወደ ዓመት የሚቀጥሉ ስለ ሆኑ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ የሥራ መጀመሪያ እንጂ የሥራ ፍጻሜ አይሆንም።

እንግዲህ ከእነዚህ ምሳሌዎች ኮሌጅ ለተማሪው ሊያደርግለት የሚገባውን ለይተን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፥ ጊዜ ይስጠው። አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጋር ተቈጥሮ የሚመዘን ይሁን እንጂ የዕረፍት ቀን ትርፍ ሥራ አይሁን። ሁለተኛ፥ የሚሄድበትን አገር ቋንቋና ልማድ አስቀድሞ ያስተምረው። ሦስተኛ፥ በሥራው ስፍራ የሚያርመው መምህር ይመድብለት። አራተኛ፥ ማደሪያውን፥ ስንቁንና መጓጓዣውን ያዘጋጅለት፤ ይህ ካልሆነ ሊያገለግለው በሄደው ድኻ ሕዝብ ላይ ሸክም ይሆናል። አምስተኛ፥ በተመለሰ ጊዜ ያየውን እንዲጽፍ፥ ከመጽሐፉም ጋር እንዲያመዛዝን ያድርገው። ተማሪ ዛፍ ቢተክል መልካም አገልግሎት ነው። አፈሩ ለምን እንደ ታጠበ መርምሮ፥ ለዚያ አፈር የሚስማማውን ዛፍ መርጦ ቢተክል፥ በዓመቱም የጸደቀውንና የደረቀውን ቈጥሮ ምክንያቱን ቢያስረዳ ግን፥ አገልግሎትም ትምህርትም ሆነ።

ክቡራን ሆይ፤ ከሁሉ የሚያሳስበው ነገር ግን ይህ ነው። ኮሌጅ ለተማሪው ሁሉን አሟልቶ መንደሩን ቢረሳ፥ መንደሩ መለማመጃ ብቻ ይሆናል። አንዱ ቡድን መጥቶ የልጆቹን ቍጥርና የሞቱትን ጠይቆ ይሄዳል፤ በዓመቱ ሌላው ይመጣና ያንኑ ይጠይቃል። እናት የሞተባትን ልጅ ለማያውቁት ሰው ደጋግማ መቍጠር ኀዘን ነው። ጥያቄው ምንም ፍሬ ካላመጣላት፥ በሦስተኛው ጊዜ በሯን ትዘጋለች ወይም ያልሆነውን ትነግራለች። ያን ጊዜ ተማሪው ሐሰት ተምሮ ይመለሳል፤ መንደሩም የተማረ ሰውን ማመን ይተዋል። ይህ እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ፥ ኋላ በክትባት ወይም በመልካም ዘር የሚመጣውም ሰው ያለ ጥፋቱ ይጠላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባችኋለሁ። ሽማግሌዎች ሆይ፥ ተማሪዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ መምህራቸውን አስቀርባችሁ፥ ምን ሊሠሩ እንደ መጡና ምን ትተው እንደሚሄዱ በትሕትና ጠይቁ፤ ለእናንተ የሚቀድመው ችግር የትኛው እንደ ሆነም ንገሯቸው። ተማሪው መጸዳጃ ሊያስቈፍር ቢመጣና መንደሩን የሚያስጨንቀው የምንጩ መድረቅ ቢሆን፥ ይህን ከእናንተ በቀር የሚነግረው የለም። ሁለተኛ፥ ሥራው ካለቀ በኋላ ያገኙትን ሁሉ በጉባኤ ፊት፥ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ እንዲያስረዱ አድርጉ። መምህራን ሆይ፥ ሦስተኛው የእናንተ ነው። በትምህርት ቤታችሁ አንድ መዝገብ አኑሩ፤ የመጡትን ቡድኖች፥ የጠየቁትን፥ የሠሩትንና የቀረውን ጻፉበት፤ ከሚጽፉትም አንድ ቅጂ ተቀበሉ። የሚቀጥለው ቡድን ሲመጣ በመጀመሪያ መዝገቡን ያንብብ፤ የፊተኛው ካቆመበትም ይጀምር።

ሽማግሌው ምድሩን፥ ወንዙንና የሰዉን ጠባይ ያውቃል፤ ተማሪው መለኪያውንና መድኃኒቱን ያውቃል። ሁለቱ ተገናኝተው ካልተጠያየቁ የአንዱ ዕውቀት ከመቃብር፥ የሌላው ከወረቀት አያልፍም። እንግዲህ የሚመጣውን ወጣት እንደ ልጃችሁ ተቀበሉት፤ እንደ ልጃችሁም የሠራውን ጠይቁት።