ኳስ ወይስ ፊዚክስ



የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቁ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1951 ከካምብሪጅ ወደ አገሩ ፓኪስታን ሲመለስ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በላሆር የመንግሥት ኮሌጅ የሂሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የኮሌጁ ኃላፊ ግን ምርምሩን ቢረሳው እንደሚሻል ነገረው፤ ከማስተማር በሚተርፈው ጊዜ የሚሠራውንም ሲያስመርጠው የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት፣ የሂሳብ መዝገብ ያዥነት ወይም የእግር ኳስ ቡድኑን መምራት አለው። ሰላም ኳሱን መረጠ። እኔም ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር።

የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሰው ወረቀትና እርሳስ ካለው ይበቃዋል ይባላል። አይበቃውም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ይቺ ስሌትህ አታስኬድም" የሚለው፣ እልህ አስይዞ የሚሞግተው ባልደረባ ከሌለ ሐሳቡ ይሻግታል። ላሆር ላይ ሰላም ያጣው ይህንን ነው። በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ፤ ቀጥሎ ለንደን፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገባ። በ1979 ከፊዚክስ ሊቃውንቱ ከግላሾውና ከዋይንበርግ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ለእኔ ግን ከሽልማቱ የሚልቀው በ1964 በጣሊያኗ ትሪየስቴ ያቋቋመው የፊዚክስ ማዕከል ነው። የድሃ አገር መምህር ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት እዚያ ይሄዳል፤ ያነባል፣ ከእኩዮቹ ጋር በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይከራከራል፣ ከዚያ አገሩ ተመልሶ ተማሪዎቹን ያስተምራል። ሰላም ራሱ ከአገሩና ከሙያው አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበት ነበር፤ ሌላው እንዳይገደድ ፈለገ። ማዕከሉ ዛሬም በስሙ ይጠራል።