ጆሮ የማይሰማው ድምፅ



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ አንድ የማጠቢያ መሣሪያ ነው። የሐኪም መቀስ ታውቃላችሁ። ደም ከማጠፊያው ገብቶ ከደረቀ በብሩሽ ቢፈትጉትም አይለቅም። የበሽታ ጀርሞች ከቆሻሻው ሥር ይደበቃሉ። ቢቀቀልም እንኳ ሳይሞቱ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚያ መቀስ ለሚታከመው ሰው በሽታ ይተርፈዋል።

ይህን ቆሻሻ በድምፅ ማጠብ ይቻላል። ድምፅ ያጥባል ወይ? ትሉን ይሆናል። አዎ፣ ያጥባል። ድምፅ ማለት መርገብገብ ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል። በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ የሌሊት ወፍ ግን ይሰማዋል። ይህ ድምፅ በውሃ ውስጥ በጉልበት ሲያልፍ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ወዲያው ይፈርሳሉ። ሲፈርሱም ቆሻሻውን ፍቀው ያነሱታል።

ድምፁን የሚያወጣው እንደ ሸክላ በእሳት የተተኮሰ ቀለበት ነው። በሁለት ብረት መሐል ጠብቆ ይታሰርና ከውሃው ገንዳ ሥር ይጣበቃል። ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ጥቂት ይወፍራል፤ ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ይሳሳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 ፖል ላንዥቬን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ኳርትዝ የተባለውን ድንጋይ በብረት መሐል አድርጎ፣ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ መፈለጊያ ሠርቶበታል።

ቀለበቱን የሚያዘው ማይክሮኮንትሮለር ይባላል። ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ ይፈጽማል። «በሰከንድ 40,000 ጊዜ ምታ» ቢሉት ይመታል። ግን ጉልበቱ 5 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ቀለበቱ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ትራንዚስተር የሚባሉ ሁለት በሮች በየተራ ይከፈቱለታል፤ ትራንስፎርመርም ቮልቱን ከፍ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው ተራ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ትጥላለች። እኩል ከጣሉ ዘነዘናው ይጋጫል። ሁለቱ በሮችም እኩል ከተከፈቱ ይቃጠላሉ። እኛም መጀመሪያ ስንሠራ ይህን ሳናስተውል አቃጥለናል። አንዱ ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነው ሌላው መከፈት ያለበት።

ሁለተኛው ልክ ማግኘት ነው። ዥዋዥዌ የያዘ ልጅ በጊዜው ከተገፋ በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል። ቀለበቱም የራሱ ልክ አለው። ሲሞቅ ግን ልኩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ማይክሮኮንትሮለሩ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ እየለካ ምቱን ያስተካክላል።

አደጋውንም እንንገራችሁ። ይህን ያህል ቮልት ሰው ይገድላል። መሣሪያው ከጠፋም በኋላ ቀለበቱ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር ሳያፈሱት መንካት አይገባም። ሲሠራም እጅን ከውሃው መክተት ክልክል ነው።

መቀሱ ከታጠበ በኋላ ደግሞ በእንፋሎት መቀቀል አለበት። ማጠብ ብቻውን ጀርም አይገድልምና።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ጉልበት ብቻውን ብዙ አይሠራም። ተራውን የጠበቀ፣ ጊዜውን ያወቀ ጉልበት ግን የደረቀ ደም ከብረት ያላቅቃል።