ክፍሎች በመስከረም ለምን ይጎድላሉ?

አቅራቢ፦ በኢትዮጵያ የክረምቱ ዕረፍት አብቅቶ ትምህርት ሲከፈት፣ በብዙ ቦታዎች የመገኘት ምጣኔ፣ ማለትም ከተመዘገቡት ተማሪዎች በዕለቱ በክፍል የተገኙት ድርሻ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝቅ ብሎ ይታያል።

አንዱ ምክንያት ወቅቱ ራሱ ነው፤ መስከረም 1 ቀን የሚውለውን እንቁጣጣሽ መስከረም 17 ቀን መስቀል ስለሚከተለው፣ በዓሉን በትውልድ ቀያቸው ለማክበር ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የሚጓዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ በገጠርም ሰብሉ ገና በማሳ ላይ በመሆኑ፣ ከብት ጥበቃውና አረሙ የልጆችን ጉልበት ይሻል።

ሁለተኛው ምክንያት የእርስ በርስ መጠባበቅ ነው፤ ይኸውም መምህሩ ተማሪዎች እስኪሟሉ ድረስ ትምህርቱን ሲያዘገይ፣ ተማሪውም ትምህርት አለመጀመሩን ሰምቶ ሲቀር የሚፈጠር ዑደት ነው።

ይህን ዑደት መስበር የሚቻለው ምዝገባን አስቀድሞ በማጠናቀቅ፣ መደበኛውን ትምህርት ከመጀመሪያው ቀን በመጀመርና በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ የሚያዝ አጭር ምዘና በመስጠት ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደሚሰጠው ያለ የቁርስና የምሳ ምገባም ከመክፈቻው ዕለት ሲጀምር፣ የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች እንዳይቀሩ ያበረታታል።

የቀሪዎች መቆጣጠሪያ ስምን ብቻ ሳይሆን የቀሩበትን ምክንያት ሊይዝ ይገባል፤ ደብተር ያጣውን ልጅ ቅጣት ወደ ክፍል አይመልሰውምና፣ የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት ስለ ምክንያቱ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ መፍትሔ ሊፈልግለት ይገባል።