የፊት ማስክ በቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጥ? — ስለ ውሃ፣ ሙቀት፣ አየርና እጅ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከድልድይና ከማሽን ጋር ለሚውል ሰው እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ በተለምዶ «የፊት ማስክ» የሚባለው መዋቢያ በየቤቱ እየገባ መሆኑን ሁላችንም እናያለን። ከፊሉ ከውጭ አገር በከረጢት ታሽጎ የመጣ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ከፊሉ በብልቃጥ የተሞላ የጭቃ ቅባት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከማር፣ ከእርድና ከእርጎ እዚያው ቤት የተለወሰ ነው። ሦስቱም የሚቀቡት በዐይንና በአፍ አጠገብ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ነው። የተበላሸ ወጥ በጠረኑ ይታወቃል፤ ሽቶ የገባበት ማስክ ግን ብልሽቱን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ አቀማመጡ የቅንጦት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

በመሠረቱ ማስክን የሚያበላሹት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፣ ሙቀት፣ አየርና እጅ ናቸው። በዕቃው ላይ የታተመው ቀን ዋጋ የሚኖረው እነዚህ አራቱ እስከ ተጠበቁ ድረስ ብቻ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

ከውሃ እንጀምር። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ነፃ ውሃ ይሻሉ። ማር ለረጅም ዘመን ሳይበላሽ የሚቆየው ውሃው ጥቂት፣ ያም ጥቂት በስኳሩ የተያዘ በመሆኑ ነው። በዚያው ማር ላይ ውሃ ወይም እርጎ ሲጨመርበት ግን ጥበቃው ይፈርሳል። ማር ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ጠጅ ለሚጥል ሕዝብ መንገር አያስፈልግም። እናቶቻችን ይህንን ሕግ በቀመር ሳይጽፉት ኖረውበታል። ለጋ ቅቤ ከክብደቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ በውስጡ ይይዛል፤ በእሳት ሲነጠር ውሃው ተኖ፣ ዐይቡም ተለይቶ ስለሚወጣ ንጥር ቅቤ ለወራት ይቆያል። ለጠጉር የሚቀባው ለጋ ቅቤ ግን ቶሎ ይከረፋል። የወተት ዕቃ በወይራ ጢስ መታጠኑም ከዚሁ ጥበብ ወገን ነው።

ከዚህም የተነሣ የሚከተለው ደንብ ሊጠበቅ ይገባል። የደረቀ የጭቃ ማስክ ዱቄት በጥብቅ ተከድኖ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የክረምት እርጥበት ወቅት ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ይቀመጥ። በብልቃጥ ውስጥ የደረቀ ማስክ በቧንቧ ውሃ እንዲላላ አይደረግ፤ ፋብሪካው የጨመረው ማቆያ ኬሚካል ለተወሰነ የውሃ መጠን ተለክቶ የገባ ነውና። በእርጎ፣ በእንቁላል ወይም በፍራፍሬ የተለወሰውም በዕለቱ ተቀብቶ የተረፈው ይጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እንደሚታወቀው የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከዕድሜው ከፊሉን በመንገድ ጨርሶ ሊደርስ ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ለዘብ ያለ በመሆኑ ጥላ ያለበትና ደረቅ የሆነ የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላልተከፈተ ዕቃ ይበቃል። መስኮት የሌለውና በየጠዋቱ በሻወር እንፋሎት የሚሞላው የኮንዶሚንየም መታጠቢያ ቤት ግን ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያስቀምጠውም እዚያው ነው።

ፍሪጅ ያለው ሰው በ4 ዲግሪ አካባቢ ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ በበረዶ ክፍሉ ውስጥ ግን አይግባ፤ ቅባትና ውሃው ሊለያዩ ይችላሉና። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። በየሰዓቱ ከፍቶ ማየት ጉዳቱን ማፋጠን ነው።

ሦስተኛው አየር ነው፤ እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ልዩ ጠባይ አለው። ክፍለ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ያህል ነው። ቆላ አገር የታሸገ ከረጢት እኛ ዘንድ ሲደርስ በውስጡ የቀረው አየር ስለሚሰፋ ነፍቶ ይታያል፤ ቱቦም ሲከፈት ቅባቱ ራሱ ሊፈናጠር ይችላል። ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። ሲገዛ ጠፍጣፋ የነበረ ከረጢት በቁም ሣጥን ውስጥ ሳለ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያበጠ ከሄደ ግን፣ ጋዝ የሚፈጥሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ገብተውበት ሊሆን ስለሚችል ሳይከፈት ይጣል። እንዲሁም በቫይታሚን ሲ የተሠራ ማስክ አየርና ብርሃን ሲያገኙት ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ኃይሉንም ያጣል።

አራተኛው እጅ ነው። ጣት በብልቃጥ ውስጥ በገባ ቁጥር ከቆዳችን ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። ስለሆነም ንጹሕና ደረቅ ማንኪያ ይኑር፤ ክዳኑም ወዲያው ይገጠም። የጨርቅ ማስክ ለአንድ ሰውና ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተረፈውን ፈሳሽ ለነገ ማቆየት አይገባም። በብዙ ብልቃጦች ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ከ6 ወይም ከ12 ቁጥር ጋር ይታያል፤ ከተከፈተ በኋላ በስንት ወር ውስጥ ማለቅ እንዳለበት የሚናገር ነው። ስለዚህ የተከፈተበትን ቀን በብዕር መጻፍ ያስፈልጋል።

ስለ ቀን ከተነሣ ዘንድ፣ አንድ የአገራችን ችግር ሳይጠቀስ አይታለፍም። «03/2026» የሚል ጽሑፍ በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን በእኛ 2018 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያና መጋቢት ላይ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ነው ብሎ ያነበበው ሰው ግን ኅዳር 2026 ዓ.ም. ይመስለዋል፤ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያለፈበትን ዕቃ ፊቱ ላይ ሊቀባ ነው። ከዚህም በላይ የኮሪያ ፋብሪካዎች ዓመቱን ያስቀድማሉ፤ የአሜሪካ ደግሞ ወሩን። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ሰው ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ በዕቃው ላይ ቢለጥፍበት ትልቅ አገልግሎት ነው።

በሰፈራችን ማስክ እየለወሰች በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት፣ «ወንድሜ፣ ስንት ቀን ይቆያል ብዬ ልጻፍበት?» ስትል ጠይቃኛለች። ለእርጎና ለእርድ ልውስ በላብራቶሪ ሳይመረመር የሚጻፍ ቁጥር ግምት ብቻ ስለሆነ ምንም ቁጥር አልሰጠኋትም። የመከርኋት የሥራውን ቅደም ተከተል እንድትለውጥ ነው፤ ይኸውም እርዱን ደረቅ ዱቄት እንደ ሆነ፣ ማሩንም ሳይቀላቀል ለየብቻው አሽጋ እንድትሸጥ፣ እርጎውን ግን ገዢዋ በምትቀባበት ሰዓት ራሷ እንድትጨምር ነው። ብልቃጦቹን በፈላ ውሃ ስትቀቅልም ውሃ እኛ ዘንድ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጊዜውን እንድታረዝመው፣ ከዚያም ጠብታ ሳይቀር እንድታደርቃቸው ነግሬአታለሁ። አንድ የተበላሸ ብልቃጥ የገዢዋን ፊት ይጎዳል፤ የእርስዋንም እንጀራ ይዘጋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችንም ይመለከታል። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ በየሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቆም አይችልም፤ ሕጉ ደጃፍ ላይ ሲያበቃ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ፣ በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር የወራት ማመሳከሪያ ያለበት አንድ ገጽ መመሪያ ተዘጋጅቶ በየጤና ጣቢያውና በየሴቶች ጠጉር ቤቱ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በምርት ሥራ ላይ ያለን አባላት በምንሠራው ማሸጊያ ላይ የቀኑን ዓይነት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለን ሳንጽፍ ዕቃ ከደጃችን አናስወጣ። ይህ የሚጠይቀን ጥቂት ቀለም ነው።